ቴሌስኮፕ በጭነት ሳይክል ጭኖ ሰው ጋ ማድረስ፦ ከሳጥኑ እስከ ሰልፉ

ሐዋሳ ፍቅር ሐይቅ ዳር ቴሌስኮፑን ባወጣሁ ቁጥር ሁለት ጥያቄ አይቀርልኝም። አንዱ «ጨረቃ ላይ የተተከለው ባንዲራ ይታያል ወይ?» ነው፣ አይታይም፣ ታች እመለስበታለሁ። ሌላው የሚመጣው ሳይክሉን ዞሮ ዞሮ ካየው ሰው ነው፦ «ይሄን ነገር በዚ ኮብልስቶን እንዴት ሳይሰበር አመጣኸው? እኛስ ሰፈራችን ማድረግ ብንፈልግ ከምን እንጀምር?» ለእያንዳንዱ ቆሜ ላስረዳ ስል ሰልፉ ይቆምብኛል፣ ከኋላ ያለው ይነጫነጫል፣ ስለዚ ሁሉንም በቅደም ተከተል ጻፍኩት።

ለምን ሳይክል ለምትሉ፦ ቱቦው ከሜትር በላይ ስለሆነ ባጃጅ ውስጥ ስታስገቡት አንድ ጫፉ በበሩ ይወጣል፣ መኪና ደሞ ሰው የሚዝናናበት የእግር መንገድ ላይ አይገባም። ሳይክል ሰው ቁጭ ብሎ ሻይ እስከሚጠጣበት ድረስ ይደርሳል።

እዚ የምጽፈው ባለ 150 ሚሊ ሜትር መስታወት ዶብሶኒያን ለሚባለው ዓይነት ነው። ትሪፖድ የለውም፣ መሬት ላይ የሚቀመጥ የእንጨት መሠረት አለው፣ ቱቦው እዛ ላይ እንደ መድፍ ከፍ ዝቅ፣ ግራ ቀኝ ይላል (መድፍ ያልኩት በምክንያት ነው፣ ደረጃ 5 ላይ ታዩታላችሁ)። ቱቦው 1.2 ሜትር ገደማ ነው፣ ከነመሠረቱ 15 ኪሎ አካባቢ ይመዝናል። ባለ 200ው ወደ 20 ኪሎ ይጠጋል፣ እሱንም ሳይክል ይችለዋል። ትንሿ ባለ 114 ወይም ባለ 130 የጠረጴዛ ዓይነት ካለቻችሁ ሥራው ሁሉ በግማሽ ይቀላል። ቀጫጭን እግር ባለው ትሪፖድ ላይ የሚቆመው ርካሹ ግን ለሕዝብ አይሆንም፣ አንድ ልጅ በነካው ቁጥር ምስሉ ተንቀጥቅጦ እስኪቆም ትጠብቃላችሁ። ከውጭ ለማስመጣት ያሰባችሁ ካላችሁ ብሩን ሳትከፍሉ በፊት ጉምሩክን ጠይቁ፣ የሩቅ ማያ ዕቃ ጥያቄ ሊያስነሳ ይችላል።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

ለሳይክሉና ለሳጥኑ፦
- ባለ ሦስት ጎማ የጭነት ሳይክል፣ ከሌለ ተራ ሳይክልና ተጎታች
- 12 ሚሊ ሜትር ኮምፔንሳቶ፣ ለተጎታች ደሞ 25 በ25 ቱቦላሬ
- የፍራሽ ስፖንጅ ሁለት ዓይነት፣ ጠንካራና ለስላሳ
- ሰፊ የጨርቅ ማሰሪያ ቢያንስ 3 (ሲባጎ አይሆንም፣ ቱቦውን ይቆርጠዋል፣ መንገድ ላይም ይላላል)
- ነጭ ጨርቅ ወይም ነጭ ማዳበሪያ፣ ለዝናብ ደሞ ሸራ
- ፓምፕ፣ ትርፍ ከመነዳሪ፣ ቁልፎች፣ የኋላ ቀይ መብራት፣ አንጸባራቂ
- የጥፍር ቀለም (አዎ የጥፍር ቀለም)

ለማታው፦
- 25 ሚሊ ሜትርና 10 ሚሊ ሜትር የዓይን ሌንስ፣ ስፖንጅ በተነጠፈበት ምሳ ዕቃ ውስጥ
- መሃሉ በትንሹ የተበሳ ክዳን፣ ኮሊሜሽን (የመስታወቱን መስተካከል) ለማየት
- በቀይ ፕላስቲክ የተሸፈነ ባትሪ
- በርጩማ፣ ጠንካራና የማይወዛወዝ
- የመጥረጊያ እንጨት ወይም ዱላ
- ጋቢ
- ንጹህ ጨርቅና አልኮል
- የፈቃድ ደብዳቤው ኮፒ

ደረጃ 1፦ ሳይክሉን ባዶውን ፈትሹ

ቴሌስኮፑን ከማሰባችሁ በፊት 30 ኪሎ ጤፍ ወይም አሸዋ ጭናችሁ ልትሄዱበት ባሰባችሁት መንገድ ደርሳችሁ ተመለሱ። የምትፈልጉት ሁለት ነገር ነው። አንደኛ ፍሬን፣ ባዶውን የሚይዝ ፍሬን ጭነት ሲኖር እየተንሸራተተ ሊሄድ ይችላል። ሁለተኛ ኩርባ። ባለ ሦስት ጎማ እንደ ተራ ሳይክል ወደ ጎን አያዘነብልም፣ በፍጥነት ከታጠፋችሁ አንድ ጎማ ይነሳና ይገለበጣል። ተራ ሳይክል የለመደ ሰው ደሞ እዚ ላይ ነው የሚወድቀው፣ ሰውነቱ ማዘንበል ይፈልጋል ሳይክሉ እምቢ ይላል። ኩርባ ላይ በእግር ፍጥነት ሂዱ፣ በቃ።

ተጎታች የምታሠሩ ከሆነ ለበያጁ ንገሩት፣ ክብደቱ ከጎማዎቹ መስመር ትንሽ ወደ ፊት መውደቅ አለበት። ወደ ኋላ ከከበደ የሳይክሉን የኋላ ጎማ ያነሳዋል፣ ቁልቁለት ላይ ደሞ ግራ ቀኝ እየወዘወዘ ይጥላችኋል።

ደረጃ 2፦ ሳጥኑን ሥሩ

የሁሉም ነገር እናት ይሄ ነው፣ ጊዜ ስጡት።

ቴሌስኮፕ ወድቆ ብቻ አይደለም የሚበላሸው፣ ብዙ ጊዜ የሚጎዳው በትንንሽ ንዝረት ነው። ኮብልስቶን ላይ በደቂቃ ውስጥ መቶ ምናምን ጊዜ ትክ ትክ ይላል፣ ያ ንዝረት ዳዶ ይፈታል፣ መስታወቱን የያዙትን ቡሎኖች ያዞራል፣ መስታወቱ በትንሹ ያዘመመ ቀን ጁፒተር የተላጠ ድንች ትመስላለች።

ሳጥኑን ከቱቦው በየጎኑ 6 ሴንቲ ሜትር ያህል አስፍታችሁ ሥሩት፣ ለኔ 130 በ35 በ35 ወጣ። ከታች መጀመሪያ ጠንካራውን ስፖንጅ አንጥፉ፣ ለስላሳውን ከላዩ ላይ። ለስላሳ ብቻ ካደረጋችሁ የቱቦው ክብደት ይጨፈልቀውና እንጨቱን ይነካል፣ ያኔ ስፖንጁ እንደሌለ ነው። ጠንካራ ብቻ ካደረጋችሁ ደሞ ንዝረቱን እንዳለ ያሳልፈዋል። ጎንና ጎኑ ለስላሳ ይበቃዋል። ስፖንጁን በቱቦው ቅርጽ ግማሽ ክብ አድርጋችሁ በምላጭ ቁረጡት፣ ቱቦው መተኛት አለበት እንጂ መንከባለል የለበትም፣ የሌንሱ መግቢያ የተገጠመበት ጎን ወደ ላይ ይሁን።

መሠረቱን ሳጥን ውስጥ አትክተቱት፣ እሱ እንጨት ነው ምንም አይሆንም፣ ከጎኑ አስቁማችሁ እሰሩት።

ሳጥኑን ከሳይክሉ ጋር በቡሎን ስታስሩት ስፕሪንግ ሮንዴላ አስገቡ፣ ከዛ የጥፍር ቀለሙን አምጡና ከዳዶው እስከ ብረቱ አንድ ቀጥ ያለ መስመር አስምሩ። መስመሩ ከተሰበረ ዳዶው ዞሯል ማለት ነው። ከቤት ስትወጡ 10 ሰከንድ ዓይን መጣል ይበቃል፣ ቁልፍ አያስፈልግም። የመሠረቱ ቡሎኖች ላይም አድርጉት። (የኔው ቀይ ነው፣ የእህቴ ነበር፣ እስካሁን ትጠይቀኛለች።)

ደረጃ 3፦ በእንቁላል ሞክሩት

መስታወታችሁን መሞከሪያ አታድርጉት። ሳጥኑ ሲያልቅ ሁለት ጥሬ እንቁላል በፌስታል ጠቅልላችሁ አንዱን የቱቦው አፍ የሚያርፍበት፣ አንዱን መስታወቱ የሚያርፍበት ቦታ አስቀምጡ፣ ከላያቸው ቱቦውን የሚያህል ክብደት (እኔ የውሃ ጀሪካን አስተኝቼ ነበር) ጭናችሁ የሰፈሩን መጥፎ ኮብልስቶን 2 ኪሎ ሜትር ንዱ።

የመጀመሪያው ሙከራዬ ላይ የፊቱ እንቁላል ደህና ነበር፣ የመስታወቱ በኩል ያለው ፈሶ ስፖንጁ ውስጥ ገብቷል። ምክንያቱ ሲታይ ያ ጫፍ ከጎማው አክስል አልፎ ወደ ኋላ ወጥቶ ነበር፣ ከአክስል በራቀ ቁጥር ሳጥኑ እንደ ጅዋጅዌ ከፍ ዝቅ ይላል። ሳጥኑን 30 ሴንቲ ወደ ፊት ገፋሁት፣ ሁለተኛው ቀን ሁለቱም ተርፈው ቁርስ ሆኑ። ስለዚ ሕጉ ይሄ ነው፦ መስታወቱ ያለበት ከባዱ ጫፍ ለአክስሉ ቅርብ ይሁን።

ጎማውን ደሞ እስከ ጫፍ አትንፉት፣ በትንሹ ለስለስ ያለ ጎማ ንዝረት ይውጣል። ግን በጣም ካጎደላችሁት ከመነዳሪው በድንጋይና በቸርኬው መሃል ይቆነጠጥና ይፈነዳል፣ በአውራ ጣት ጠንከር አድርጋችሁ ስትጫኑት ትንሽ የሚገባ ይሁን።

ደረጃ 4፦ ቀኑን ምረጡ

መንገድ ላይ ለሕዝብ የሚሆነው ጨረቃና ፕላኔት ነው፣ እነሱን የመንገድ መብራት አያጠፋቸውም። ኔቡላ (የሩቅ የጋዝ ደመና) ምናምን ለማሳየት ጨለማ ያስፈልጋል፣ ጨለማ ባለበት ደሞ ሰው የለም።

ጨረቃን ያለ አፕ ለማወቅ ቀላሉ መንገድ ሙስሊም ጎረቤታችሁን ዛሬ በሂጅራ ስንት ቀን ነው ብላችሁ መጠየቅ ነው፣ ወሩ የጨረቃ ስለሆነ ቁጥሩ ራሱ የጨረቃ ዕድሜ ነው። ከ4 እስከ 11 ባለው መሃል ውጡ። ከ4 በታች ሳትዘጋጁ ትጠልቃለች፣ 7 እና 8 ላይ ግማሽ ትሆናለች፣ ይሄ ምርጡ ነው፣ ብርሃንና ጨለማው የሚገናኙበት ጠርዝ ላይ የጉድጓዶቹ ጥላ ረጅም ስለሆነ ሁሉም ነገር ጎልቶ ይወጣል። ሙሉ ጨረቃ ቀን ወጥቶ የሚከስር ብዙ ሰው አለ፣ ፀሐይ ፊት ለፊት ስለምትመታት ጥላ የለም፣ እንደ ነጭ ሳህን ጠፍጣፋ ነች፣ ዓይንም ትወጋለች።

ፕላኔት ለምትፈልጉ፣ ሳተርን በ2019 ዓ.ም ከመስከረም መጨረሻ እስከ ጥር ድረስ ማታ ማታ አለች። ቀለበቷ በ2017 መጋቢት ላይ በጠርዙ ዞሮልን ክር አክሎ ነበር፣ ከዛ ወዲህ በየዓመቱ ቀስ እያለ እየተከፈተ ነው። ጁፒተር ደሞ ከ2019 ጥር ገደማ ጀምሮ እስከ ክረምቱ መግቢያ የማታ ናት። ሰማዩ እኛ ጋ ጥርት የሚለው ከኅዳር እስከ ጥር ነው፣ ከሰኔ እስከ መስከረም ብዙ አትድከሙ።

ደረጃ 5፦ ፈቃድ እና ቦታ

ማታ፣ ረጅም ጥቁር ቱቦ፣ በሸራ የተሸፈነ፣ በሳይክል። ራሳችሁን ጥበቃ ቦታ አስቀምጡትና አስቡት። አንድ ማታ አንድ ጥበቃ «ሸራውን ግለጥ» ብሎኝ ከገለጥኩት በኋላ ሦስት ርምጃ ወደ ኋላ ሄዷል። መጨረሻ ላይ ጨረቃን አይቶ ጓደኞቹን ጠራ ግን ያ የመጀመሪያው ደቂቃ ደስ አይልም።

ስለዚ፦
- ቀበሌና በአካባቢው ያለውን ፖሊስ ቀደም ብላችሁ አሳውቁ፣ ምን፣ የት፣ ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት የሚል አጭር ደብዳቤ ማኅተም አስደርጋችሁ ኮፒውን ያዙ።
- ከጦር ካምፕ፣ ከኤርፖርት፣ ከባንክና ከመንግሥት ቢሮ አጥር አጠገብ አትቁሙ። ቱቦውን ወደ ሰው ቤት መስኮት ለቀልድም አታዙሩ።
- አረንጓዴ ሌዘር ለማሳያ አትጠቀሙ፣ የአውሮፕላን አብራሪና የሰው ዓይን ይጎዳል፣ በጣት መጠቆም ይበቃል።
- ሳጥኑ ላይ በትልቁ «ቴሌስኮፕ፣ ጨረቃን በነጻ ይመልከቱ» ብላችሁ ጻፉ። የሚገርመው ግማሹን ጥያቄ ይሄ ጽሑፍ ይመልሳል።

ቦታው ጠፍጣፋ፣ ደረቅ አፈር ወይም ኮንክሪት፣ ሰው የሚያልፍበት ይሁን። መብራት ካለ ሰው ሲያይ ጀርባውን ለመብራቱ እንዲሰጥ አድርጋችሁ ትከሉ። ሐዋሳ ከሆናችሁ ሁለት ነገር ልብ በሉ፣ ሐይቁ ዳር ካሉት ትልልቅ ዛፎች ሥር አትትከሉ፣ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች እዛ ነው የሚያድሩት፣ ከላይ የሚለቁት ነገር ከመስታወት አይለቅም። ጨለም ወዳለው የሐይቅ ዳር ደሞ አትራቁ፣ ጉማሬ ማታ ሳር ለመጋጥ ይወጣል፣ ይሄ ቀልድ አይደለም።

ደረጃ 6፦ ጫኑና ሂዱ

1. የቱቦውን ሁለቱንም ክዳን ግጠሙ፣ ፋይንደሩን (ቱቦው ጎን ላይ ያለችውን ትንሽ ማነጣጠሪያ) ንቀሉ። ወጣ ብሎ የተገጠመ ነገር ሁሉ መጀመሪያ የሚሰበረው ነው።
2. ቱቦውን አስተኙ፣ ማሰሪያዎቹን በሳጥኑ ላይ እንጂ በቱቦው ላይ አታጥብቁ።
3. የዓይን ሌንሶቹን ሳይክሉ ላይ አትጫኑ፣ ጀርባችሁ ላይ አዝሉ። ከሰው ጉልበትና ወገብ የተሻለ ስፕሪንግ የለም።
4. ሳጥኑን በነጭ ጨርቅ ሸፍኑት። በፀሐይ የጋለ ሳጥን ውስጥ የቆየ መስታወት ማታ ላይ ሙቀቱን እስኪለቅ ምስሉ እንደ ምድጃ ላይ ያለ አየር ይርገበገባል።
5. 10፡30 ላይ ተነሱ፣ ብርሃን እያለ ድረሱ።

ደረጃ 7፦ ስትደርሱ

መሠረቱን መሬት ላይ አስቀምጡ። ሳይክሉ ላይ እንዳለ ለማሳየት የሚሞክር አይጠፋም፣ እኔም ሞክሬዋለሁ፣ ጎማ ላይ ያለ ነገር ሰው በተነፈሰ ቁጥር ይነቃነቃል። ትንሿ የጠረጴዛ ዓይነት ካላችሁ ባዶውን ሳጥን አውርዳችሁ ገልብጡት፣ እሱው ጠረጴዛ ይሆናል።

ማስጠንቀቂያ፣ ደግማችሁ አንብቡት፦ ፀሐይ ሙሉ በሙሉ እስክትጠልቅ የቱቦው የፊት ክዳን አይከፈትም። በቴሌስኮፕ ፀሐይን ለቅጽበት ያየ ሰው ዓይኑ በማይመለስ ሁኔታ ይጎዳል፣ አያመውም እንኳን፣ ስለዚ አይሸሽም። እናንተ ጥንቁቅ ብትሆኑ እንኳን አንድ ልጅ ቱቦውን ለመግፋት ሁለት ሰከንድ ይበቃዋል። ክዳኑን የሚጠብቅ፣ በርጩማው አጠገብ የሚቆም አንድ ሰው መድቡ። ሐምሌ 26 ቀን 2019 ዓ.ም የፀሐይ ግርዶሽ አለ፣ እኛ ጋ በከፊል ነው የሚታየው፣ ከአሁኑ የሚጠይቁኝ አሉ። ለሱ ቱቦው አፍ ላይ ሙሉውን የሚሸፍን ለቴሌስኮፕ የተሠራ የፀሐይ ማጣሪያ ግዴታ ነው። የራጅ ፊልም፣ በጭስ የጠቆረ መስታወት፣ የዓይን ሌንሱ ላይ የሚጠመዘዘው ትንሹ ማጣሪያ፣ ሁሉም አይሆኑም፣ የመጨረሻው እንደውም በሙቀት ተሰንጥቆ ዓይን ላይ ነው የሚለቀው።

ፀሐይ ስትጠልቅ (እኛ ጋ ዓመቱን ሙሉ ከ12 እስከ 12፡45 መሃል ነው) ሁለቱንም ክዳን ክፈቱና 20፣ 30 ደቂቃ አየር ያግኘው።

ደረጃ 8፦ ኮሊሜሽን፣ ማለትም መስታወቱን ማስተካከል

ሰው የሚፈራው ደረጃ ነው ግን 3 ደቂቃ ነው። መንገድ ላይ የተነቃነቀ መስታወት ብርሃኑን መሃል ላይ አይሰበስብም።

1. ቱቦውን ከአግድም ትንሽ ከፍ አድርጉት። ሌንሱን አውጡና የተበሳውን ክዳን አስገቡ፣ በቀዳዳዋ እዩ።
2. ትንሹ መስታወት (ቱቦው አፍ አካባቢ ያለው) ውስጥ ትልቁ መስታወት ይታያል፣ ትልቁ መሃል ላይ ትንሽ የቀለበት ምልክት አለ። የቀዳዳችሁ ነጸብራቅ እዛ ቀለበት ውስጥ ካረፈ ጨርሳችኋል።
3. ካላረፈ ከኋላ ያሉትን መቆለፊያ ቡሎኖች አላሉና ሦስቱን ማስተካከያዎች አንድ በአንድ በሩብ ዙር አዙሩ። አንዱ አዙሮ አንዱ ቢያይ ይፈጥናል።
4. መቆለፊያዎቹን ቀስ ብላችሁ መልሱ፣ በኃይል ካጠበቃችሁት ያስተካከላችሁትን ራሱ ያዞረዋል፣ ከዛ እንደገና እዩ።

ትንሹን መስታወት አትንኩ፣ ጉዞ ላይ ብዙም አይነቃነቅም፣ እሱን የነካ ሰው ግን ማታውን ሙሉ እዛው ነው።

መፈተሻው፦ ሲመሽ አንድ ደማቅ ኮከብ ላይ ፎከሱን ሆን ብላችሁ አበላሹት። ክብ ይሆናል፣ መሃሉ ላይ ጥቁር ነጥብ አለ። ነጥቡ መሃል ከሆነ ደህና ነው፣ ወደ ጎን ከሸሸ ወደ 1 ተመለሱ።

ፋይንደሩን ደሞ ከቴሌስኮፑ ጋር ሐይቁ ማዶ ያለ የሩቅ መብራት ላይ አስማሙት። መብራቱ ተገልብጦ ይታያችኋል፣ አልተበላሸም፣ እንዲሁ ነው የተሠራው።

ደረጃ 9፦ ሰልፉ

በ25 ሚሊ ሜትሩ ሌንስ ጀምሩ፣ ብዙ ማታ በሱው ጨርሱ። ቱቦው የትኩረት ርዝመቱ (ከመስታወቱ ብርሃኑ እስከሚሰበሰብበት ያለው ርቀት) 1200 ሚሊ ሜትር ነው፣ ለ25 ሲካፈል 48 እጥፍ ያጎላል፣ ለሳተርን ቀለበት ይበቃል። በ10ሩ 120 እጥፍ ይሆናል ግን ምድር ስለምትዞር ፕላኔቷ በ2 ደቂቃ ውስጥ ከዓይን ትወጣለች፣ በ25ቱ 4 ደቂቃ ታገኛላችሁ። ያ ማለት አንዴ አነጣጥራችሁ ብዙ ሰው ታሳያላችሁ ማለት ነው። ነገሩን መሃል ላይ አታድርጉት፣ በምትገባበት ጠርዝ በኩል አስቀምጡት፣ ሰው እያየ ወደ መሃል ትሄዳለች።

በርጩማው ለልጆች ነው፣ እኛ ጋ ፕላኔቶች ወደ አናት ቅርብ ስለሚያልፉ ያኔ የዓይን ሌንሱ ከሜትር በላይ ይወጣል። ሰው ሁሉ ሲጎነበስ የሚይዘው ይፈልጋል፣ የሚያገኘው ደሞ ቴሌስኮፑን ነው፣ ይይዝና ይስበዋል፣ ጨረቃ ትጠፋለች። «አትንኩ» ማለት አይሠራም፣ ሌላ የሚይዘው ስጡት፦ የመጥረጊያውን እንጨት ከጎኑ አቁሙና «ይቺን ይያዙ» በሉ። ልጆችን «እጅ ወደ ኋላ» ካላችኋቸው ደሞ የትምህርት ቤት ሰልፍ ስለሆነባቸው ወዲያው ያደርጉታል።

አሁን ዋናው ነገር፣ ይሉኝታ። አንድ እማማ ጎንበስ ብለው ካዩ በኋላ «አየሁ ልጄ፣ ተመስገን» ብለውኝ ሄዱ። ቀጥዬ ራሴ ሳይ ሰማዩ ባዶ ነው፣ ጨረቃዋ ከወጣች ቆይታለች። እኔን ላለማሳፈር ነው አየሁ ያሉት! ከዛ ቀን ጀምሮ «አዩ?» ብዬ ጠይቄ አላውቅም። የምጠይቀው ያላየ ሰው ሊመልሰው የማይችል ነገር ነው፦ «የጨለመው ጎን በየት በኩል ነው?»፣ ለጁፒተር «አጠገቧ ስንት ነጥብ አለ?» (አራት ጨረቃዎቿ ናቸው፣ አንዳንዴ አንዷ ስለምትደበቅ ሦስት ትሆናለች፣ እናንተ ቀድማችሁ ቁጠሩ)። ካልመለሱ «ትንሽ ራቅ ብለው ይሞክሩ እማማ» ብላችሁ እንደገና አነጣጥሩ። ብዙ ጊዜ ችግሩ ዓይን በጣም ማስጠጋት ነው፣ የራሳቸውን ሽፋሽፍት ነው የሚያዩት።

አንድ ዓይን መጨፈን የሚያቅተው ሰው አለ፣ በእጁ ይሸፍን። መብራት ካስቸገረ ጋቢውን ጭንቅላቱ ላይ ጣል አድርጉለት። መነጽር ያለው መጀመሪያ ከነመነጽሩ ይይ። ፎቶ የሚፈልገውን ወደ መጨረሻ አድርጉት፣ አንድ ስልክ ሌንሱ ላይ እስኪስተካከል አሥር ሰው ያልፍ ነበር።

ንጽሕናው፦ የሌንሱን የጎማ ጠርዝ በየጥቂት ሰው በአልኮል ጨርቅ ጥረጉ፣ መስታወቱን ግን አልኮል አታስነኩ። ኩል የተኳሉ እናቶች ካለፉ በኋላ ሌንሱ ላይ ጭጋግ የመሰለ ነገር ታያላችሁ፣ ማታውን በጣት አታሹት፣ ቤት ሄዳችሁ በሌንስ ማጽጃ ነው። የዓይን ማዝ በተነሳበት ሰሞን ጭራሽ አትውጡ።

የባንዲራው መልስ ደሞ ይኸው። ጨረቃ በአማካይ 384,400 ኪሎ ሜትር ትርቃለች፣ ባለ 150 ቴሌስኮፕ እዛ ላይ ለይቶ የሚያየው ትንሹ ነገር 1.5 ኪሎ ሜትር ገደማ ስፋት ያለው ነው፣ ባንዲራ አይደለም ግማሽ ቀበሌ አይታይም። ግን ጨረቃ ከ6 ቀን በላይ ከሆናት አፖሎ 11 በ1969 እ.ኤ.አ ያረፈበትን ጠቆር ያለ ሜዳ ማሳየት ትችላላችሁ፣ «እዛ ጋ ነው» ስትሏቸው ባንዲራውን ይረሱታል።

ደረጃ 10፦ መመለስ

ሰልፉ ሲያልቅ ክዳኖቹን ወዲያው ግጠሙ። ሐይቅ ዳር ከሆናችሁ ጤዛ ይይዘዋል፣ በጨርቅ አትጥረጉት። ቤት ስትደርሱ ቱቦውን አፉን ወደ ታች አዘንብላችሁ ክዳኑን ከፍታችሁ እስኪደርቅ ተዉት፣ እርጥብ ሆኖ የተዘጋ መስታወት ሻጋታ ያወጣል። መንገድ ላይ የኋላ መብራቱን አብሩ፣ ለባጃጅ ሹፌር እናንተ ያለ መብራት የሚሄድ ሳጥን ናችሁ።

ደጋግሜ የማያቸው ስህተቶች

- መጀመሪያ ቀን 200 ሰው መጥራት። መጀመሪያ ለጎረቤት ልጆች አሳዩ፣ 20 ሰው በ40 ሰከንድ እንኳን ሩብ ሰዓት ሊፈጅ እንደሚችል ያኔ ይገባችኋል።
- ሦስት አራት ነገር ለማሳየት መሮጥ። በአንድ ማታ አንድ ወይ ሁለት ነገር፣ አለበለዚያ ጊዜው በመፈለግ ያልቃል።
- ብቻ መሄድ። ቢያንስ ሁለት ሁኑ፣ አንዱ ቴሌስኮፑ ጋ፣ አንዱ ሰልፉና ሳይክሉ ጋ። ሁላችሁም ሰማይ እያያችሁ ፓምፑ ሊጠፋ ይችላል፣ የኔ ሁለት ጊዜ ጠፍቷል።
- ደመና መጣ ብሎ ወዲያው ማሸግ። 15 ደቂቃ ጠብቁ፣ ሌንሱን ሸፍኑና ሳጥኑን፣ እንቁላሉን፣ ቡሎኑን አሳዩ። ቀጥሎ ያለው ሳይክል ከዛ ሰልፍ ውስጥ ነው የሚወጣው፣ ቢያንስ እኛ ሰፈር ሁለተኛውን የሠራው ልጅ ደመና ቀን ነው ስለ ስፖንጁ የጠየቀኝ።